ለባዳ የታዘዘ አውራ ጣት

«አራቱንም መለሰ፤ አውራ ጣታቸው በደንብ ይዘላል» አለች አንዲት ሴት ከራስጌዬ።

የማደንዘዣ ባለሙያዋ መሆኗን በድምፅዋ ለየኋት። ጠዋት ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ሲያስገቡኝ ሁሉን አስረድታኝ ነበር። ካስተኛችኝ በኋላ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ትሰጠኛለች፤ ያን ጊዜ በራሴ መተንፈስ ስለማልችል በጉሮሮዬ በገባው ቱቦ ማሽን ይተነፍስልኛል። ሥራው ሲያልቅ አንዲት ትንሽ መሣሪያ የእጄን አንጓ በኤሌክትሪክ አራት ጊዜ ነካ ነካ ታደርገዋለች። አውራ ጣቴ አራት ጊዜ እኩል ከዘለለ መድኃኒቱ እየለቀቀኝ ነው፤ ማርከሻ ጨምራ ቱቦውን ታወጣለች።

ይሄ ገብቶኛል። ያልገባኝ ሌላ ነው። ቀኝ ክንዴ ላይ ግሉኮስና የደም ግፊት መለኪያ ስለነበረ የመሣሪያዋን ሽቦ የለጠፈችው ግራዬ ላይ ነው። የዘለለውም እሱ ነው።

ግራ እጄ እኮ ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ የመታው እጅ ነው። እግሬ ተመለሰ፣ አፌ ተመለሰ፣ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። አናጺ ነኝ፤ እንጨቱን የሚይዝለት ግራ እጅ የሌለው አናጺ ምን ይባላል? ስለዚህ ከኪሴ አላወጣውም። ሠራተኞቼን «አርጅቻለሁ፣ ቆሜ ማዘዝ ነው የቀረኝ» እላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ። የምታውቀው ሚስቴ ብቻ ናት፤ እሷም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ለሐኪሞቹ ንገራቸው» ስትል ከረመች። ጠዋት ባለሙያዋ «ሌላ ሕመም አለብዎት?» ስትለኝ ግን «እንደ ፈረስ ነኝ» አልኳት። የሚቀደደው ሆዴ ነው፤ እጄን ምን አገናኘው?

እና ይሄ እጅ፣ ስንት ለምኜው ማንኪያ አልይዝም ያለኝ እጅ፣ ለማላውቃት ሴት ይዘላል! ተናደድኩ። ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ። ድኜ ይሆን? ወይስ ሕልም ነው? ልጠይቃት ፈለግሁ፣ አፌ እምቢ አለ።

«ማርከሻውን ትንሽ ሰጥቻለሁ፣ ቱቦውን ላውጣው» አለች፤ ጎትታም አወጣችው። «አባባ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ።»

ተነፈስኩ። ማለቴ፣ ለመተንፈስ አሰብኩ። አየሩ አፍንጫዬ ጫፍ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላስብበት የሠራሁት ነገር ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ኦክስጅኔን የሚለካው ማሽን መጮህ ጀመረ።

«ጭንቅላትዎን ቀና ያድርጉልኝ!»

ጭንቅላቴ የማን እንደሆነ እንጃ።

«እንቅልፍ ነው፣ ተያቸው፣ ይነቃሉ» አለ ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ።

«ምን እንቅልፍ አለ? ዓይናቸው እያየኝ ነው እኮ!» ፊቴ ላይ ጭምብል ደፋችና ከጭምብሉ ጋር የተያያዘውን የአየር ከረጢት ትጨምቅ ጀመር። «አይዞዎት አባባ፣ እስኪመለስልዎት እኔ እተነፍስልዎታለሁ።»

ደረቴ ተነፋ። ቢሆንም ፈራሁ፤ የገዛ አውራ ጣቴ ሊገድለኝ ነው ብዬ ፈራሁ። «ግራው ነው! የታመመው ግራው ነው!» ብዬ ጮህኩ፣ በሆዴ። በሆድ የጮኸን ማን ይሰማዋል?

«አይገባኝም» አለች። «እጃቸው ተመልሻለሁ ይላል፣ ደረታቸው አልተመለስኩም ይላል። የቱን ልመን?»

ከረጢቱን አጠገቧ ለቆመችው ነርስ ሰጥታ ሁለቱንም እጆቼን ያዘች። «ጨበጥ ያድርጉኝ።»

ቀኜ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ያ ዘላዩ ንቅንቅ አላለም። መዳፌን ዳሰሰች፤ ቀኙን፣ ግራውን፣ እንደገና ቀኙን።

«እኚህ ሰው አናጺ ነኝ አላሉኝም? ቀኝ መዳፋቸው እንደ ጫማ ሶል ነው፣ ግራው የሕፃን ነው!» ድምፅዋ ተለወጠ። «ይሄ እጅ ሥራ ከተወ ቆይቷል። የታመመ እጅ ላይ ነው የለካሁት! እንዲህ ያለውን መድኃኒቱ በደንብ አይዘውም፤ ሌላው አካል ሳይመለስ እሱ ለብቻው ይዘላል።»

ሽቦውን ወደ ቀኜ አዞረች። አውራ ጣቴ ሁለት ጊዜ በድካም ነቅነቅ አለና ቆመ።

«ይኸው እውነቱ። ያንን መድኃኒቱን ለቅሞ የሚይዘውን ሌላውን ማርከሻ አምጡልኝ፣ ቶሎ!»

ጥቂት ቆይቶ ደረቴ ወደ እኔ ተመለሰ። ጭንቅላቴን ቀና አደረግሁ፤ አላወርድም ብዬ ቆየሁ።

ማገገሚያ ክፍል ውስጥ ሚስቴና ዋናው ሠራተኛዬ አልጋዬ አጠገብ ቆመዋል። ባለሙያዋ መጥታ «ግራ እጅዎን የታመሙት መቼ ነው?» አለችኝ። ሠራተኛዬን አየሁት። ውሸት አፌ ላይ ነበረ፤ ያ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ የቀረ አየር ትዝ አለኝ።

«ሁለት ዓመቱ» አልኩ።

ሠራተኛዬ መሬት መሬት እያየ «ጋሼ፣ እኛማ እናውቅ ነበር» አለ። «እንዳይከፋዎት ብለን ነው ዝም ያልነው።»

ታዲያ ከማን ነው የደበቅሁት? ያላወቀችው የምትተነፍስልኝ ሴት ብቻ ነበረች።