የፈቃደኞች ልምምድ

ሰውየው ኳሱን ከእምሩ ፎቶ አጠገብ አስቀመጠና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየው። ሞላላ ስለሆነ አልቆም አለው። እንደገና ጎንበስ ብሎ በሁለት መጻሕፍት መሐል ወተፈው። ቡናማው ቆዳ በተጫዋቾች ፊርማ ተዥጎርጉሯል። ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ለቅሶ ቤት ኳስ ይዞ የመጣ ሰው አይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ሚስተር ሆልኮም ይባላል። ሳን ሆዜ አጠገብ ባለው፣ እምሩ ሁለት ዓመት በተማረበት ኮሌጅ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ሁለተኛው የሐዘን ቀን ነበር። ኦክላንድ ከተማ፣ ሌክ ሜሪት ሐይቅ ዳር ካለው የሀዲስ አፓርትመንት ሶፋው ወጥቶ ለቀስተኛው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተደርድሯል። እንግዳው የሚቀመጥበት ሲጠፋው የሀዲስ ጓደኛ ግርማቸው ከወጥ ቤት ወንበር አመጣለት። ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ተቀመጠና የቡድኑ አርማ ያለበትን ክራባት እያስተካከለ ቁልቁል ያያቸው ጀመር።

«ልጃችንን አጣን» አለ በእንግሊዝኛ። «እምሩ ተዋጊ ነበር።»

ሀዲስ ቀና ብሎ አየው። የአክስቱ ልጅ እምሩ ተዋጊ አልነበረም። ድመት መንገድ እስክትሻገር መኪና የሚያስቆም ልጅ ነበር።

ሰውየው ቀጠለ። በመክፈቻው ጨዋታ ተጫዋቾቹ የራስ ቁራቸው ላይ ጥቁር ጭረት ያደርጋሉ፤ ማርሽ ባንዱ ዝግ ያለ ዜማ ይጫወታል፤ ሠላሳ ሺህ ሕዝብ አንድ ደቂቃ ቆሞ ዝም ይላል። ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል። ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሀዲስን ያበሸቀው ደግሞ ይኸው ነው፤ እንባው የውሸት አልነበረም።

እንባውን ጠራርጎ ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። ሀዲስ ተቀብሎ አነበበው። ሟቹ በሃይማኖቱ ትእዛዝ ከምግብና ከውሃ ተከልክሎ እንደቆየ፣ ይህንንም ለአሠልጣኞቹ እንዳልተናገረ፣ በፈቃደኞች ልምምድ ላይ ሳለ ሙቀት አሸንፎት እንደወደቀ ይናገራል። ከታች የቅርብ ዘመድ የሚፈርምበት መስመር አለ።

«አንድ ኮፒ ለኤምባሲያችሁ፣ አንድ ለእናቱ እንልካለን። እናት ማወቅ ይገባታል» አለ ሰውየው። «ወረቀቱ ቶሎ ካለቀም አስከሬኑ ቶሎ ይሄዳል።»

«ነገ ና» አለው ሀዲስ።

እናቲቱ ወይዘሮ ውብዳር የልጃቸውን ሞት ገና አልሰሙም። እንዲህ ያለ ነገር ለእናት በስልክ አይነገርም። ነገ ጠዋት ሀዲስ አዲስ አበባ ላሉት አጎቱ ለአቶ ሙላቱ ይደውላል፤ አቶ ሙላቱ ደግሞ ሽማግሌዎች ይዘው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ያረዷቸዋል። ደረታቸውን እየደቁ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይታወቃል። በምን ሞተ?

እምሩ የስለት ልጅ ነው። ወይዘሮ ውብዳር አሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጥተው፣ በፍልሰታ ለእመቤታችን ተስለው ነው የወለዱት። ከዚያ በፊት ደግሞ እናቱ የሞተችበትን የሰባት ዓመቱን ሀዲስን ወስደው አሳድገዋል። እምሩ ወደ አሜሪካ ሲመጣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያስማሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላው ጾም እንደ ፈቀድህ፣ ፍልሰታን ግን እንዳትበላብኝ። አሁን የኮሌጁ ወረቀት ሄዶ ልጅዎን የገደለው ያስማሉት ጾም ነው ሊላቸው ነው።

ሰውየው ሲወጣ ግርማቸው ወደ ሀዲስ ተጠጋ። ዳውንታውን ኦክላንድ መሥሪያ ቤት ያለው፣ ነገር ማካበድ የማይወድ ሰው ነው።

«ጀስት ሳይን አድርግለት፣ ሀዲስ። ልጁ አይመለስ። ከኮሌጅ ጋር ፋይት ገጥመህ የት ትደርሳለህ?»

ሀዲስ ወደ ፎቶው ዞረ። ዓይኑ ኳሱ ላይ ነበር።

ኳስ ነው እምሩን ያስያዘው። በመጣ በሁለተኛው ወር ከኮሌጁ ማደሪያ ጀርባ ከጓደኞቹ ጋር እግር ኳስ ሲጫወት በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት የአሜሪካኖቹ ፉትቦል አሠልጣኝ ኮች ዳልተን አየው። በዚያን ጊዜ የእነሱ ተጫዋቾች ፊት ለፊት ቆመው በጫማ አፍንጫ ነበር የሚለጉት፤ ከጎን መጥቶ በውስጥ እግሩ መኪና ማቆሚያውን የሚያሻግር ልጅ ተአምር ሆነባቸው። ትምህርቱን በነፃ እንስጥህ አሉት። እምሩ ሀዲስን አማከረ።

«እኔ እኮ የመጣሁት ስለ አፈር ልማር ነው፣ ጋሼ።»

«ማን አትማር አለህ? ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ለግተህ ትወጣለህ፤ በቃ!»

በቃ ያለው ሳምንቱን ሙሉ ሆነ። የኬሚስትሪው ላብራቶሪ ከልምምዱ ሰዓት ጋር ሲጋጭ የተሰረዘው ኬሚስትሪው ነው። በምትኩ የመዝናኛ አመራር የሚባል ትምህርት ሰጡት። በዓመቱ የአፈር ነገር የቀረለት አንድ ኮርስ ብቻ ነበር፤ የእሱንም ወረቀት የሚጽፍለት ሀዲስ ነው። መምህሩ ወረቀቱን ሳያነብ ኤ ሰጥቶ ቅዳሜ ስታዲየም ሄዶ ያጨበጭባል። አንድ ቀን እምሩ የጫማውን ክር እየፈታ፣ «ጋሼ፣ እኔ እዚህ ቤት ተማሪ ነኝ ወይስ እግር ነኝ?» አለው። ሀዲስ ሳቀ። ያን ሳቁን አሁን ቢያገኘው በጥፊ ባለው ነበር።

ለቀስተኛው ሲቀንስ እትዬ አስካለማርያም ከወጥ ቤት ጠሩት። አሜሪካ ከመጡ ብዙ ዓመት የሆናቸው ነርስ ናቸው፤ ለቅሶውን የያዙትም እሳቸው ናቸው።

«እውነቱን ንገረኝ። ጾሞ ነበር?» አሉት በሹክሹክታ።

«አልጾመም።»

ስኒ የሚያጥቡበት እጃቸው ቆመ።

«አምና ጾሞ ሰውነቱ አለቀ። እኔ ራሴ ኮች ዳልተን ቢሮ ሄጄ፣ ጾመኛ ነውና ትንሽ ያዝ አድርጉለት አልኩት። ሳቀብኝ፤ ክብደቱን ካልጠበቀ ቦታውን ያጣል አለኝ። ዘንድሮ እምሩን ቁጭ አድርጌ ብላ አልኩት። እናትህ አታይህም አልኩት። አይሆንም፣ ምያለሁ አለኝ። እኔ ነኝ የጨቀጨቅሁት።»

«በላ?»

«እንቁላል። እዚያው ኮሌጁ ምግብ ቤት አጠገቡ ተቀምጬ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።»

እትዬ አስካለማርያም ጥቂት አሰቡ። «ለእናትየው ጾሞ ነበር፣ የገደለው ግን ሙቀት ነው ብትላቸውስ?»

«ጾሞ ነበር ካልኩ፣ ዕድሜ ልካቸውን እኔ ነኝ የገደልሁት ሲሉ ይኖራሉ።»

«አልጾመም ካልህ ደግሞ የስለት ልጃቸው ፍልሰታን በልቶ ሞተ ነው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

ስኒውን አንሥተው ማጠባቸውን ቀጠሉ።

በምን እንደሞተ ሀዲስ በደንብ ያውቃል። ሌሮይ የሚባል ግዙፍ ተከላካይ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነግሮታል። ይፋዊው ልምምድ ከመስከረም በፊት ክልክል ስለሆነ የነሐሴውን የፈቃደኞች ብለውታል፤ ያልፈቀደ ሰው ስሙ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ያን ቀን እምሩ ሦስት ኳስ በተከታታይ ሳተ። በዚያ ቃጠሎ የትከሻ መከላከያውንና ራስ ቁሩን እንደለበሰ የስታዲየሙን ደረጃ ሩጥ ተባለ። ውሃ ጠየቀ። ውሃ ለሰነፍ ነው አለው ኮች ዳልተን። ሁለተኛ ሲጠይቅ ባልዲውን በእግሩ ገልብጦ ሣሩ ላይ አፈሰሰው። እምሩ ጥቂት ደረጃ ወጣና ተቀመጠ። ተነሥ ብለው ጮኹበት። ሌሮይ፣ «ኩባያ ይዤለት ልሄድ ነበር። ቦታዬን አጣለሁ ብዬ ተውኩት» አለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚስተር ሆልኮም ብዕሩን ይዞ መጣ። ሀዲስ ከፍራሹ አልተነሣለትም።

«አልተናገረም ይላል ወረቀታችሁ። ካልተናገረ ስለ ጾሙ ከየት ሰማችሁ?»

ሰውየው ክራባቱን አስተካከለ።

«የነገርኳችሁ እኔ ነኝ፣ አምና። ዘንድሮ አልጾመም። ከእናንተው ገበታ ነው የበላው። ውሃ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠይቋል።»

«እዩ፣ ሁላችንም አዝነናል። ግን ኮች ዳልተን ለዚህ ኮሌጅ ብዙ የሠራ ሰው ነው። ያለ ፉትቦል ኮሌጃችንን ማን ያውቀው ነበር?»

«ማንም አያውቀውም ነበር። ኮሌጅ ይሆን ነበር።»

ብዕሩን ተቀበለና የዘመድ ፊርማ ከሚለው በላይ በእንግሊዝኛ፣ ውሃ ተከልክሎ ሞተ ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ፈረመ። ወረቀቱን ሲመልስ በአገጩ ኳሱን አሳየው። «እሱንም ይዘህልኝ ሂድ።»

ሰውየው ኳሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። ግርማቸው በሩን ከኋላው ዘጋና ወንበሩን ወደ ወጥ ቤት መለሰው።

ትንሽ ቆይቶ የባሕር ማዶው ስልክ ተገናኘ። የአቶ ሙላቱ ድምፅ ይርቃል፣ ይቀርባል።

«ምን ልበላት፣ ሀዲስ? በምን ሞተ ልበላት?»

«ሰዎች ውሃ ከለከሉት ይበሏቸው። ጾም አልገደለውም።» የስልኩን እጀታ በሁለት እጁ ጨበጠ። «ጋሼ፣ አልጾመም። ያስፈታሁት እኔ ነኝ። እሱ እምቢ ብሎኝ ነበር። ይህንንም ይንገሩልኝ። እሱ ንጹሕ ነው፤ ኃጢአቱ የእኔ ነው።»

ሽቦው አንሿሿ።

«ይህን ከነገርኳት ከእንግዲህ አታናግርህም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ዓይንህን አታይም፣ ልጄ። አውቃታለሁ እህቴን።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ይንገሯቸው።»

ስልኩ ሲዘጋ ቀኑ ወደ እኩለ ቀን እየሄደ ነበር። ሀዲስ ተመልሶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠና የመጀመሪያውን ለቅሶ አለቀሰ፤ ሁለቱን ቀን እንባ እምቢ ብሎት ነበር። ማንም ተው አላለውም። ሲበቃው እትዬ አስካለማርያም በሳህን ምስር ይዘው አጠገቡ ተንበረከኩ።

«በል እህል ቅመስ። ሦስት ቀን በቡና ብቻ አይኮንም።»

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ነሐሴ አሥር።»

ሀዲስ ከተማሪነቱ ጊዜ ጀምሮ ጾም የሚባል ነገር ይዞ አያውቅም፤ በጾመኛ ሲስቅ የኖረ ሰው ነው። በጣቱ ጭኑ ላይ ቆጠረ። ፍልሰታ ሊፈታ የቀሩት ቀኖች ስድስት ናቸው።

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይስጡኝ» አለና ሳህኑን በሁለት እጁ መለሰላቸው።