የማኅበሩ ዳቦ

እታለማሁ በጃንሆይ ዘመን ዳንግላ ላይ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች። ስትዳር የባልትና አስተማሪዋ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሰጠቻት። ከመጽሐፍ እያዩ ዳቦ መጋገር በዚያ ሰፈር እንኳን ሊደረግ ተሰምቶም አይታወቅ። አማቷ ወይዘሮ ሸጋ መጽሐፉን ባዩ ቁጥር ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

እኚህ ሴትዮ ደግሞ በከንቱ አይፈሩም። የልጃቸውን የውዱን የፊተኛ ሚስት በአንድ ጋን ጠላ ሰበብ ወደ አባቷ ቤት ሰደዋታል እየተባለ ይወራል። እንግዲህ በጠላ ያባረሩ በዳቦ ምን ሊያደርጉ ነው? እታለማሁ ይህን እያሰበች ነው ለማርያም ማኅበር ዳቦ የተነሣችው። ተራው የቤታቸው ነበር።

ማለዳ መጽሐፉን ምሰሶው ሥር ዘርግታ እየደጋገመች አነበበች፦ ዱቄት፣ እርሾ፣ ለብ ያለ ወተት፣ እንቁላል። የተባለውን ሁሉ አደረገች። ሊጡ ኩፍ ሲል በብረት ድስት ጣደችውና ከአዲስ ቅዳም ገበያ የመጣ ከሰል ከላይም ከታችም አደረገችበት። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ገና ደስ ሊላት ሲል ወይዘሮ ሸጋ ደጅ ላይ ለጎረቤት ሲናገሩ ሰማች።

«ረቡዕ አይደል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ማን ይመጣል።»

ረቡዕ። የጦም ቀን። ወሩ በገባ በሃያ አንድ መሆኑን ነው እንጂ ያሰበችው፣ ረቡዕ ላይ መዋሉን መች ልብ አለችው? ዓይኗ ከመጽሐፉ አልተነቀለም ነበር። ሌላ እንዳትጋግር ሊጡ እስኪቦካ ይመሻል። ብትናገር የፊተኛዋ እጣ ነው። ዝም ብትልስ ማን ያውቃል? ሰይጣን መቼም እንዲህ ነው፣ ጆሮ ሥር ገብቶ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። እሷም ዝም አለች።

ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ቄስ አድማሴ መስቀላቸውን አውጥተው ዳቦው ፊት ቆሙ። ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ የዋሉ፣ ዳቦውን እያዩ ምራቃቸውን ዋጡ። እታለማሁ ይህን ስታይ አልቻለችም።

«አባ፣ አይባርኩት። ወተትና እንቁላል አለበት። ቀኑን ረስቼ ነው።»

ባሏ ውዱ አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ ሸጋ ብድግ ብለው ወደ እሷ ሲመጡ፣ እታለማሁ በልቧ ጓዟን ጠቅልላ ጨርሳለች።

አማቷ ግን ዳቦውን አነሡ። «ይኼ ለባለሱቋ ለመሪማ ልጆች ይሂድ፤ እስላም ረቡዕን አይጦምም» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የፊተኛዋ ጋኑ ውስጥ አይጥ እንደሞተ እያወቀች ነው ጠላውን ያጠጣችን። በይ አሁን ቆሎ ቁዪ፤ ሰዉ ጦሙን ውሏል።»