አንድ ኮሮላ ለሁለት ወንድማማች

ውርስ ሲከፋፈል የሚያጣላው ብዙው አይደለም፤ አንዱ ነው። ቤት ከሆነ ግድግዳ ይገባበታል፣ መሬት ከሆነ ይሸነሸናል። መኪና ግን ምኑ ይከፈላል? አንዱ መሪውን አቅፎ ሌላው ጎማውን ተሸክሞ አይሄድ! ሾፌሩ አባት ሲሞት የተወው እንግዲህ ይህችኑ የማትከፈል ነገር ነበር። ነጭ ቶዮታ ኮሮላ። ወንበሯ ተሰነጣጥቋል፣ የኋላ በሯ በትከሻ ካልተደገፈ አይዘጋም። ሞተሯ ግን ቁልፉ ገና ሲነካ «አቤት» የሚል ነበር።

ልጆቹ ሁለት ናቸው። ታላቁ ቢሮ ገብቶ የክፍል ኃላፊ ሆኗልና ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ኃላፊው» ይለዋል። ታናሹ ሾፌር ነው። ሲናደድ የግራ ዓይኑ ብልጭ ድርግም ስለሚል የታክሲ ባልንጀሮቹ «ፍሬቻ» ብለው አወጡለት። «ተጠንቀቁ፣ ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው!» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን ስቆ አያውቅም።

ቢናደድም አይፈረድበትም። ሰባተኛ ክፍል ሳለ አባቱን ወገቡን አመመውና መኪናዋን የሚያጥብ፣ ጎማ የሚፈታ፣ አብሮ የሚነዳ ሰው አስፈለገ። ታላቁ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ አይነካ ተባለ። ታናሹ ደብተሩን አስቀምጦ የጎማ መፍቻ ያዘ። ያ ደብተር ወዴት እንደገባ የጠየቀ ሰው የለም። ኃላፊው የተመረቀ ዕለት ቤተሰቡን ጭኖ የወሰደው ፍሬቻ ነው። ፎቶ ሊነሡ ሲደረደሩ ግን አባቱ ዞር ብሎ «አንተ መኪናዋ ጋ ሁን፣ ሌባ አይታመንም» አለው። ፎቶው እስከ ዛሬ የእናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አባት አለ፣ እናት አለች፣ ተመራቂው በመሃል ተኮፍሷል፣ ጥግ ላይ የኮሮላዋ አፍንጫ ሳይቀር ይታያል። ፍሬቻ የለም።

ለሱ የደረሰው የአባቱ ወሬ ነበር። አባት ኮፈኑን ከፍቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ስለ መኪናዋ ሲያወራ ስለ ዘመዶቹ የሚያወራ ይመስላል።

«እነዚህ ጃፓኖች ዱሮ መኪና ሠሪ እንዳይመስሉህ። ሸማኔዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሰውዬ የሽመና ማሽን ፈለሰፈ። ብልሃቱ ምን መሰለህ? አንዲት ክር ብትበጠስ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ቀጥ ይላል። የተበላሸ ጨርቅ አይሠራም። ልጁ ነው በኋላ ‹እኔ መኪና ካልሠራሁ› ያለው። እብድ ነው ተባለ። የመጀመሪያዎቹ የጭነት መኪኖቻቸው መንገድ ላይ እየቆሙ ሲያስቸግሩ ሠሪዎቹ እየተከተሉ ይጠግኗቸው ነበር አሉ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ድርጅቱ ሊዘጋ አፋፍ ላይ ደረሰ። ሠራተኛው ተቀነሰ፣ ሁከት ሆነ። ይሄኔ አለቃው፣ ያው ልጁ፣ ‹ኃላፊነቱ የኔ ነው› ብሎ ከወንበሩ ወረደ። በገዛ እግሩ! እንዲህ ያለ አለቃ አይተህ ታውቃለህ?»

ፍሬቻ አለቃ አይቶ አያውቅም። ያየው ወንድሙን ብቻ ነው።

«እስቲ እያት» ይላል አባት የመኪናዋን ጣራ መታ መታ አድርጎ። «ውበት የላት፣ ጉራ የላት። ጎማ በሚዞርበት አገር ሁሉ ግን እሷ አለች። መለዋወጫዋ እንደ ክብሪት በየሱቁ ነው። መሐንዲስ አትጠይቅም፣ የሰፈር መካኒክ ይበቃታል። ብትበድላት እንኳ ትታገሥሃለች። ይቅር ባይ ናት።»

ይህን የመጨረሻውን ቃል ኃላፊውም በመስኮት ሰምቶታል። ሁለቱን ያጠፋቸውም ይኸው ቃል ነው።

አባት ከተቀበረ በኋላ ኃላፊው «እንሽጣትና እንገላገል» አለ። ፍሬቻ ዓይኑ ብልጭ ድርግም እያለ «እኔን ልሽጥህ አትልም?» አለው። መተዳደሪያው ናት። ኃላፊውም ቢሆን ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶባት፣ በሥራ ባልደረቦቹ ፊት ቁልፍ እያንቀጫቀጨባት ኖሯል፤ ለወንድሙ ከመተው መሸጥ ይሻለዋል። በመጨረሻ እናት ፈረደች።

«እኔ ቆሜ ሳለሁ አትሸጥም። አንዱን ሳምንት አንተ፣ አንዱን ሳምንት አንተ። ርክክቡ እሁድ ከሰዓት እዚህ፣ እኔ ደጅ ነው። ቁልፉ በኔ እጅ ያልፋል።»

«ለብረት ይህን ያህል?» አሉ ጎረቤቶች። እሷ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች።

ጉዱ የሚታየው እሁድ እሁድ ነበር። እናት በሩ ላይ ትቀመጣለች። ልጆቿ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም፤ በእሷ በኩል ይወራወራሉ።

«እማዬ፣ ይሄ ልጅሽ የኋላ ወንበሩ ላይ ምን እንደደፋ ጠይቂልኝ።»

«እማዬ፣ የሱ ልጆች የደፉትን ለስላሳ እኔ ነኝ የምጠጣው በይልኝ።»

«ኧረ በፈጠራችሁ! እኔ ስልክ ነኝ?» ትላለች እናት። ግን ፊቷ ላይ ያኔ የሚታየው ነገር ንዴት አልነበረም። ተሰዳድበው ሲያበቁ ውስጥ ይገቡላታል፤ የቀረበላቸውን ቀማምሰው፣ የጉልበቷን ሕመም ጠይቀው፣ አንደኛው ቁልፍ ይዞ ሌላው ባዶ እጁን ይወጣል። በሳምንቱ ደግሞ ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ታላቁ ሰበብ ካላገኘ፣ ታናሹም ካልራበው የእናታቸውን ደጅ አይረግጡም ነበር።

ክፋቱ የጀመረው በነዳጅ ነው። ኃላፊው መኪናዋን በጭላጭ ነዳጅ አስረከበ። ፍሬቻ ሊያንስ ነው? ቅዳሜ ማምሻውን ተሳፋሪ ሳይጭን ሰፈር ለሰፈር ሲዞር፣ ለወንድሙ ጠብታ ላለመተው ነዳጅ ሲያቃጥል ያየው ባልንጀራው «ምነው ፍሬቻ፣ ቤትህ ጠፋብህ?» አለው። «ጠፍቶብኛል» አለ እሱም፣ እውነቱን ነው።

ከነዳጁ ወደ ዘይቱ ተሻገሩ። አባት በነበረበት ጊዜ ፍሬቻ በየማለዳው የዘይት መለኪያውን መዝዞ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ከቶ ሳያይ ቁልፍ አይነካም። አሁን ግን «ዘይት ብቀይር የሚነዳበት እሱ ነው» አለ። ኃላፊው በበኩሉ «ሾፌሩ እሱ አይደል፣ ሥራው ነው» ብሎ ተወው። ጎረቤታሞች የጋራ አጥራቸውን ጣጥለው «እሱ ይጠግነው» እንደሚባባሉት መሆኑ ነው። በሬም ቢሆን ሁለት ጌታ ካለው ውሃ የሚያጠጣው ያጣል።

መካኒኩ ጋሽ ቡሎን፣ የአባታቸው የልብ ወዳጅ፣ አንድ ቀን ለፍሬቻ ፍሬን ሊያስተካክልለት ኮፈኑን ከፈተና አፍንጫውን ያዘ። «ይሄ ዘይት ነው ሬንጅ?»

«የሱ ሳምንት ሲደርስ ይቀይረዋል» አለ ፍሬቻ።

«እሱም ባለፈው እንዲሁ ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው ይቀይራላ!»

«ስማ አንተ ልጅ፣ አባትህ ይቅር ባይ ናት ያለህ እንድታከብራት ነው። ይቅር ባይ ተገኘ ተብሎ ይጨፈርበታል? ሞተር እኮ አይቆጣም፣ አይሳደብም። ችሎ ችሎ አንድ ቀን ጥርሱን ይነክሳል፤ ከነከሰ ደግሞ አይለቅም። እኔ አሁን ልቀይርልህ?»

ለፍሬቻ ወንድሙ በታደሰ ዘይት ላይ ተንደላቆ ሲነዳ ታየው። ያ ፎቶ ትዝ አለው። «ተወው» አለ።

አንድ ቅዳሜ ዳገት ሲወጣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ አለችና ጠፋች። ሜዳው ላይ ሲደርስ እንደገና ብልጭ አለች። የአባቱ ልጅ ነውና ትርጉሙን አሳምሮ ያውቃል፤ ዳር ይዞ ማጥፋት፣ ዘይት መጨመር ነው። ዳር ያዘ። አጠፋት። ወረደና መለኪያውን መዘዘው፤ ጫፉ ላይ ጥቁር እድፍ እንጂ ዘይት የለም። ማዶ ነዳጅ ማደያ አለ፤ የዘይት ጣሳዎች በመስታወቱ ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ። መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር። ቆመ፣ ቆመና «ነገ የሱ ናት» አለ። ኮፈኑን ዘግቶ ቀስ እያለ ወደ ቤቱ ነዳ።

እሁድ ርክክቡ ላይ ኃላፊው ቁልፉን ከእናቱ እጅ ተቀብሎ ገባና አስነሳት። ፍሬቻ በመስኮቱ በኩል አጎንብሶ ዳሽቦርዱን አየ። መብራቷ በርታ ቀረች፣ አልጠፋችም። ኃላፊውም አያት። ቀና ብሎ ወንድሙን አየው። ፍሬቻም አየው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ዘመን በኋላ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ አንድ ቃል የሚበቃበት ሰዓት ነበር። «ዘይት የላትም» ቢል ታናሹ ተሸነፈ። «ይሄ ምንድን ነው» ብሎ ቢጠይቅ ታላቁ አላዋቂ ሆነ፤ ዘይት የመግዛቱም ዕዳ የሱ ሆነ።

«ደህና ናት?» አለች እናት።

«ደህና ናት» አሉ ሁለቱም፣ ባንድ አፍ። በዚያ ቤት በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ዕለት የመጀመሪያቸው መሰለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የከተማው ትልቁ ዳገት ላይ ሞተሩ ጮኸ፣ ተንገጫገጨና ነክሶ ቀረ። ኃላፊው ከነሱፉ ከኋላ ሲገፋ ያየው ሰው ሁሉ ወሬውን አድርሶ ነበር። ፍሬቻ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ደስ አለው። ደስታው ጋራዡ በር ላይ እስኪደርስ ድረስ ቆየ። ኮሮላዋን በሰንሰለት ታስራ፣ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ የሆዷ ዕቃ መሬት ላይ ተዘርግፎ ሲያያት ግን ቀርቦ ጭቃ መከላከያዋን ነካ። ቀዝቅዟል።

ጋሽ ቡሎን በጣቱ ከሞተሩ ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ ዝቆ ለሁለቱም አሳየ። «ለመሆኑ ዘይት የሚቀይረው ማን ነበር?»

«እሱ» አለ ኃላፊው።

«እሱ» አለ ፍሬቻ።

መካኒኩ ጣቱን በጨርቅ ጠረገ። «አባታችሁ ስለዚያ የሽመና ማሽን ስንት ጊዜ ነግሯችኋል? ክሯ ስትበጠስ ይቆማል አይደል የሚለው? ማሽን እንኳ ተበላሸ ብሎ ይቆማል። እናንተ ግን ተበጥሶም ትሸምናላችሁ! መብራቷን ያየ አልነበረም?»

ኃላፊው የሱፉን እጅጌ አራገፈ፤ ፍሬቻ የኮፈኑን ጠርዝ ጠረገ።

«ሌላ ሞተር ፈልጌ ልገጥምላችሁ እችላለሁ። ሰውነቷ ገና ነው። ብቻ ሁለታችሁ እኩል እናወጣለን በሉና ተጨባበጡ።»

«እሱ መጀመሪያ ያውጣ» አለ ኃላፊው። «የገደላት እሱ ነው። ሾፌር ነኝ ባይ!»

«በማን እጅ ሞተች? ዲግሪህ ቀይ መብራት ማንበብ አያስተምርም?»

«አንተ ከድሮም ምቀኛ ነህ።»

«አንተስ ከድሮም ቀማኛ!»

ጋሽ ቡሎን ሁለቱንም ከጋራዡ አስወጣቸው። እንደ ውሻ ነው ያስወጣቸው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጠበቀ፤ የሚጨብጥ እጅ ስላልመጣ፣ ሁለቱም «እንዳሻዎ ያድርጓት» ብለው ስለላኩበት፣ መለዋወጫ ነጋዴ ጠራ። ነጋዴው እየሳቀ መጣ። የሷን በር፣ የሷን መስታወት፣ የሷን ካምቢዮ የማይፈልግ የለምና በጥቂት ቀን ውስጥ ተበታትና አለቀች። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ፍሬቻ በአንድ ታክሲ ላይ የኋላ በሯን አወቃት።

በቀጣዩ እሁድ በርክክቡ ሰዓት ፍሬቻ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። ለምን እንደሚሄድ አላወቀም፤ እግሩ ለምዶ ነው። እናት በሩ ላይ ነበረች።

«ወንድምህስ?»

«ምን ሊያደርግ ይመጣል እማዬ? የሚረከበው የለ።»

እናት ጉልበቷን አሻሸች። «እኔን መኪና ምን ያደርግልኛል? ስሳፈርባት እንኳ ያዞረኛል። ሽጧት ብል ያኔውኑ ትሸጧት ነበር። ግን በገዛ እግራችሁ እንደማትመጡ አውቃለሁ። ለሷ ስትሉ ትመጡ ነበር። ስትሰዳደቡም ድምፃችሁን እሰማለሁ። ለማንም ብላችሁ ኑ፣ መምጣት መምጣት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ፍሬቻ አንገቱን ደፋ። ዓይኑ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር፤ የዚያን ቀን ግን በንዴት አልነበረም። «እኔ እመጣለሁ እማዬ። በየሳምንቱ እመጣለሁ።»

«እሺ ልጄ» አለች፣ ሕፃን ጨረቃን አመጣልሻለሁ ሲላት እናት እንደምትለው እሺ።

ፍሬቻ የሰው ታክሲ ላይ ተቀጠረ። አዲሱ ጌታው ቁልፉን ሲሰጠው የነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እሁድ ገበያ አለ፤ እሁድ ዕረፍት የሚባል ነገር እንዳላይ።» ፍሬቻ ቁልፉን ተቀበለ። ሌላ ሥራ የለም።

እሁድ ከሰዓት ሙሉ ተሳፋሪ ጭኖ በእናቱ ሰፈር በኩል አለፈ። ከሩቅ አያት። በሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ሁለት ባዶ ወንበር አውጥታለች። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ከኋላ አንዱ «ሹፌር፣ ተኛህ እንዴ? ቸኩለናል!» ብሎ ጮኸ።

እናት የመኪና ድምፅ ሰምታ ቀና አለች። የሌላ ሰው መኪና መሆኑን አይታ መልሳ አቀረቀረች። ፍሬቻ ነዳጁን ረገጠ።