ስለ ቀኝ ጉልበቴ የተጻፈው

1

«ወለምታ ብቻ ነው» አለኝ አሰልጣኜ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ እየከተተ። «በመርፌ ይታለፋል።»

ወረቀቱ ስለ ቀኝ ጉልበቴ የሐኪም ውጤት ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር።

አመንኩት።

2

ስም፦ ረምዚ አብዱረዛቅ
ዕድሜ፦ 19
የትውልድ ቦታ፦ ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
የሚጫወትበት ቦታ፦ አማካይ
የትምህርት ደረጃ፦ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ

ክለቡ ሲያስፈርመኝ የሞላሁት ቅጽ ነው። ለምን እንዳቋረጥኩ የሚጠይቅ መስመር የለውም። እዚህ ልጻፈው።

3

አሰልጣኝ ጥላዬ አሸዋ ላይ ስጫወት ያየኝ በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። በማግስቱ እናቴን ፍለጋ ቀፊራ ገበያ ድረስ መጣ። ሽንኩርት እየለየች ነበር።

«ፈቲያ፣ ይህን ልጅ ስጪኝ።»

«ትምህርቱስ ጋሽ ጥላዬ?»

«የሱ ትምህርት እግሩ ላይ ነው። እኔ አለሁለት አልኩሽ።»

ደግሞም ነበረልኝ። ይህን ብዘለው ታሪኩ ይቀለኛል፤ ግን ልዘለው አልችልም። ታይፎይድ ጥሎኝ ሳለ ሦስት ቀን ከአልጋዬ ሥር ያልተነሳው እሱ ነው። የመጀመሪያ ታኬታዬን ያሰረልኝ እሱ ነው፤ በርከክ ብሎ፣ ሰው እያየ። ኳስ ከመድረሱ በፊት በትከሻዬ ላይ ዞር ብዬ እንዳይ እስኪሰለቸኝ የነገረኝም እሱ ነው።

ድሬ ላይ አንቱ አንባባልም። እሱን ግን አንድ ጊዜ አንቱ ብዬው ሳቀብኝ።

4

በዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታዬ፦ በስልሳኛው ደቂቃ ተቀይሬ ገባሁ። የመጀመሪያ ኳሴን በቀጥታ ለተጋጣሚ አቀበልኩ። ስታዲየሙ አጉረመረመ። ከመስመሩ ዳር የአሰልጣኝ ጥላዬን ድምፅ ብቻ ለይቼ ሰማሁ።

«ቀጣዩን!»

ቀጣዩን አላበላሸሁትም። ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ ቋሚ ተሰላፊ ሆንኩ።

5

ሚያዝያ ላይ ለሊጉ ጨዋታ አዳማ ነበርን። ልምምድ ላይ ስዞር ጉልበቴ «ቋ» አለ። አሰልጣኝ ጥላዬ ራሱ በታክሲ ሆስፒታል ወሰደኝ፤ ውጤቱንም ራሱ ተቀበለ። ከላይ ቁጥር አንድ ብዬ የጻፍኩት ያኔ የሆነው ነው።

አራት ጨዋታ ይቀረናል። ቡድናችን ከሊጉ የመውረድ አፋፍ ላይ ነው።

የቡድኑ ወጌሻ ሙሉጌታ ነው፤ ከየጨዋታው በፊት የማደንዘዣ መርፌ የሚያስወጋኝ እሱ ነበር። ቀልደኛ ሰው ነው። በእነዚያ ሳምንታት አንድም አልቀለደም። እኔ ቡድኑ እንዳይወርድ ተጨንቆ መስሎኝ ነበር።

6

አንደኛው ጨዋታ፦ መርፌ። አቻ።

ሁለተኛው፦ መርፌ። ተሸነፍን።

ሦስተኛው፦ መርፌ፣ በእረፍት ሰዓት ሌላ መርፌ። አሸነፍን።

አራተኛው፦

7

አራተኛውን በአንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ።

ካላሸነፍን እንወርዳለን። ሰባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ባዶ ለባዶ ነን። ኳሱ መሐል ሜዳ ደረሰኝ። አጥቂያችን ዮናታን በሁለቱ ተከላካዮች መካከል ሲሮጥ አየሁት። ቀኝ እግሬን ተክዬ በግራዬ ላክሁለት።

ግቡን አላየሁም። የተከልኩት እግር ከሥሬ ከዳኝ። ፊቴ ሣሩ ውስጥ ሆኖ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው።

ሁሉም ወደ ዮናታን ሮጠ። ወደ እኔ የሮጠው አንድ ሰው ነው። አሰልጣኝ ጥላዬ ተንበርክኮ ግንባሬን ሳመኝ።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ደስታው ያናገረው መሰለኝ።

8

ለቀዶ ጥገና የተላክሁት ወደ ዶክተር ሐናን ነው። የተባባልነውን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

ዶክተር፦ ጉልበትህ መጀመሪያ የተጎዳው መቼ ነው?

እኔ፦ ሚያዝያ ላይ ወለም ብሎኝ ነበር።

ዶክተር፦ ወለምታ አልነበረም። የሚያዝያውን ምስል አስልኬ አይቼዋለሁ። የጅማቱ ግማሽ ያኔም ተቀዶ ነበር። «በምንም ዓይነት እንዳይጫወት» ይላል ሪፖርቱ።

እኔ፦ ወለምታ ነው የተባልኩት።

ዶክተር፦ ማን ነው ያነበበልህ?

እኔ፦

ዶክተር፦ ረምዚ?

እኔ፦ አባቴ።

9

አባቴ የሞተው አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ነው።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ልሰርዘው ነበር። ተውኩት።

10

አሰልጣኝ ጥላዬ ሊጠይቀኝ ቤታችን መጣ። ፓፓያ ይዟል።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«እንዴት አደርክ አይባልም?»

«ኮች፣ ታውቅ ነበር?»

ፓፓያውን የሚያስቀምጥበት አጣ።

«አውቅ ነበር። አንተን ባስቀምጥ እንወርዳለን፤ ቡድኑ ይበተናል። አራት ጨዋታ ይይዝልናል ብዬ አሰብኩ።»

«ብትነግረኝ እኮ እጫወት ነበር።»

ፓፓያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ለአንተ ስል፣ ወላሂ፣ እያወቅሁ እጫወት ነበር። ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ያለቀሰው ያኔ ነው። እኔ አላለቀስኩም። እናቴ ከጓዳ ወጣች።

«ጋሽ ጥላዬ፣ እኔ የሰጠሁህ እግር ነው እንዴ? ልጄን እኮ ነው የሰጠሁህ!»

ፓፓያውን ይዞ ተመለሰ።

11

ቀዶ ጥገናው ተሠራ። ዶክተር ሐናን ከዓመት በኋላ ልሮጥ እንደምችል ነገረችኝ። «እንደ ድሮውስ?» ስላት «እሱን ጉልበትህ ነው የሚነግረን» አለች።

የጉዳቴን መጠን ያውቅ የነበረው ሙሉጌታ አላስችል ብሎት ለክለቡ አመራር ተናገረ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ቃሌን በምሰጥበት ቀን ዋዜማ አሰልጣኝ ጥላዬ ደወለ።

«ረምዚ፣ አንድ ቃል ነው የምለምንህ። ነግሮኝ ነበር በል። ወደህ እንደተጫወትክ ተናገር።»

«ግን አልነገርከኝም።»

«ብትነግረኝ እጫወት ነበር ብለኸኝ የለ? ታዲያ ምን ልዩነት አለው?»

ልዩነቱን አውቀዋለሁ። ስልኩን ዘጋሁ።

እናቴን ምን ላድርግ አልኳት። «እኔ አንድ ጊዜ ወስኜልሃለሁ» አለችኝ። «አሁን ራስህ ወስን።»

12

ክፍሉ ጠባብ ነው። ክራንቼን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። ሦስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። አሰልጣኝ ጥላዬ ከጠረጴዛው ማዶ ነው፤ ጺሙን አልተላጨም። ከስቷል። ወደ መስኮቱ ያያል።

ሰብሳቢው አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገልኝ።

«እውነቱን ብቻ ጻፍ ልጄ። ማንም አያስቸኩልህም።»

አሰልጣኝ ጥላዬ ከመስኮቱ ዞሮ አየኝ።

ጥያቄ፦ ከጨዋታዎቹ በፊት ስለ ጉዳትህ መጠን አሰልጣኝህ ነግሮህ ነበር?

የተጫዋቹ መልስ፦