የመብረቅ ሚጥሚጣ

ፋናን ያናደዳት ጅቡ አይደለም። ጅብማ ጅብ ነው፤ በረቱን ሰብሮ እርጉዟን በግ በላና ሄደ። እሷን ያንገበገባት ባሏ ሽባባው ነው። በማግስቱ ከዘመድ ቤት አንድ ጥቁር ቡችላ በጋቢው ጠቅልሎ አመጣና መብረቅ የሚል ስም አወጣለት። ከዚያ እንጀራ በሚጥሚጣ ጠቅልሎ አጎረሰው። ውሻ ሚጥሚጣ ካልቀመሰ ቁጡ አይሆንም፣ አባቴም ውሻውን ያሳደገው እንዲህ ነው አለ። የአባቱ ውሻ ሌባ ሲመጣ ጅራቱን እየቆላ እንደተቀበለው አገር ያውቃል፤ ሽባባው ግን ይህቺን አያነሣትም።

ቡችላው ጥርሱን እንኳ አብቅሎ አልጨረሰም። ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ምድጃ ሥር ይውላል። መብረቅ ተብሎ ዝንብ እሽ የማይል ሆነ። ፋና አንጀቷ ቢያርር በሻሿ ጠቅልላ በባጃጅ እንጅባራ ከተማ ወሰደችው። የእንስሳት ሐኪሙ ኪዳኑ ድዱን ገልጦ አየና የሚበላውን ጠይቆ፣ በዚህ ከቀጠለ እንደማይተርፍ ነገራት። የትል መድኃኒት ሰጥቶ፣ የቀጠነ ወተት፣ ለስላሳ የገብስ ገንፎ፣ አልፎ አልፎም የተቀቀለ እንቁላል ጥቂት ጥቂቱን ቶሎ ቶሎ እንድታበላው መከራት። ሚጥሚጣ የሚባል ነገር ግን አይድረስበት አለ።

ቤት ገብታ ይህንኑ ስትነግረው ሽባባው ሳቀ። ሐኪም ስለ ጅብ ምን ያውቃል ብሎ ያንኑ ጥቅል ይጠቀልል ጀመር። ፋና ደሟ ፈላ። ጥቅሉን ከእጁ ቀምታ ወደ ጓዳ ገባች።

ራት ሲደርስ ያ ሚጥሚጣ ቅንጣት ሳይጎድል በሽባባው ድንች ወጥ ውስጥ ነበር። እንደ ልማዱ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጎረሰ፣ ሌላም አስከተለ። ወዲያው እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ሳል አጣደፈው። ሆዱን ይዞ መደቡ ላይ ጥቅልል አለ።

ፋና አጠገቡ ቆመች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

"ቁጡ እንድትሆንልኝ ብየ ነው። ጅቡ አሁን ቢመጣ ትነሣለኸ?"

ሽባባው ትንፋሹ ሲመለስ ወተት እንድትሰጠው ለመናት።

ቀዳች፤ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን አልፋው ሄዳ ምድጃው ሥር ተንበረከከች፤ ወተቱን በውሃ አቅጥና ለቡችላው አቀረበችለት።

"መጀመሪያ እሱ" አለችው። "ቀድሞ የተቃጠለ እሱ ነው።"

መብረቅ እጇን ፈርቶ ብዙ አሸተተ። ከዚያ ይልስ ጀመር። ሽባባውም ቡችላው እስኪጨርስ ጠበቀ።