ወንዝ የተሻገረው ቤት

ቤቱ ግን ከወንዙ ማዶ አልነበረም፣ ከወንዙ ወዲህ ነበር፣ ይሄንን ከኔ በቀር በሕይወት ያለ ማን ያውቃል፣ ድንቅቱ ታውቃለች? አታውቅም፣ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ በዓመቱ ቤቱ ተቃጠለ፣ ከዚያ ወዲህ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ያየችው ግድግዳዋ ላይ የተሰቀለውን፣ ቤቱን ማዶ የሚያሳየውን ሥዕል ነው፣ አሁንም በነጠላዋ ጠቅልላው እዚህ ሱሉልታ፣ የመሬት ቢሮው አግዳሚ ላይ፣ ከጎኔ ተቀምጣለች። ማስረጃዬ ነው ትላለች። ኦቦ ገርባ፣ እርስዎ ያኔ ከፈረንጇ ሠዓሊ ጋር ነበሩ፣ ቤቱን ማዶ አይቻለሁ ይበሉልኝ እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።

የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ቀርቷል ብሎ ሬዲዮ ከተናገረ ሁለት ወር ሆነው፣ መሬት ቀያሾቹ ግን አልቀሩም፣ ማዶው የናንተ እርሻ ሆኖ አያውቅም፣ የወል ግጦሽ ነበር ብለዋታል፣ ልጇ ሞቲ በተቃውሞ ሰልፉ ጊዜ እንደተያዘ ነው፣ ሲፈታ ወደ ምን ይመለሳል። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ሚኒባሱ መሀል ላይ አራገፈን፣ የቀረውን በእግር መጣን። ደግሞ ወረፋው።

ሚስ ዊኒ፣ ጉድ አደረግሽኝ።

ለሁለት ሳምንት ወዳጅ ልትጠይቅ መጥታ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠች፣ አባቷ አውስትራሊያ በግ አርቢ ነው፣ ዝናብ የራቀው አገር፣ ቀይ አፈር ስትስል አደገች፣ ሜልቦርን ተማረች፣ ሥዕሎቿን ብታሳይ ዞር ብሎ ያያት የለም፣ የሱሉልታን የመስከረም ሣር ስታይ አረንጓዴ ቀለሟን በሁለት ቀን ጨረሰችው። ባሕር ዛፍ ግን አትወድም፣ ይሄ ዛፍ ያገሬ ነው ገርባ፣ ከሱ ሸሽቼ ብመጣ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ፣ ትላለች እየሳቀች፣ ሥዕሏ ላይ ካስቸገራት ነቅላ ትጥለዋለች፣ ኮረብታም ገፋ ታደርጋለች። ሸራ የምወጥርላት እኔ ነኝ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ኋላ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፍኩ ልጆች ያሳደግሁት ብሩሽ አያያዝ ከሷ ተምሬ ነው።

ሚስ፣ የኦቦ ሶያማ ቤት እዚያ አይደለም እኮ አልኳት። አውቃለሁ አለች፣ ማዶው ባዶ ሆነብኝ፣ ዓይን የሚያርፍበት ይፈልጋል። ቤቱን ከነአጥሩ አሻገረችው። ሶያማ፣ የድንቅቱ አባት፣ ሥዕሉን ስትሰጣቸው ሳቁ፣ ቤቴን ውሃ ወሰደው እንዴ አሉ፣ ግን ሰቀሉት፣ ቤቱ ሲቃጠልም አተረፉት። ማን ይሄ ቀን ይመጣል ብሎ።

ሚስ ዊኒን አገሯ ያወቃት ስልሳ ዓመት ሲሞላት ነው፣ በዓመቱ ሞተች፣ አሁን ሥዕሎቿ ሙዚየም ገብተዋል፣ የእህቷ ልጅ የላከችልኝ መጽሐፍ በዓይኗ ያየችውን ብቻ የሳለች ይላታል፣ ልጄ ሲተረጉምልኝ ሳቅሁ፣ ዛሬ ግን አላስቀኝም።

ገብሱ። ሥዕሉ ላይ ማዶ ያለው ገብስ ግን እውነት ነው፣ እስኪያሸት ሦስት ሳምንት ጠበቀች፣ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ በሰው እህል አልቀልድም፣ ያልተዘራ አልስልም አለች። መሬቱ የነሱ ነው፣ ሶያማ በሁለት በሬ ሲያርሱት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ እና ቤቱም ማዶ ነበር ብል ምን አለበት፣ አንዲት ቃል ናት፣ መሬቱ እውነት፣ ቤቱ ውሸት፣ ነበር በል፣ ሽማግሌ ሆነህ ትዋሻለህ? ለሷ ስል። ነበር በል አንተ ሰውዬ።

ተራችን ደረሰ፣ የቢሮው ሰውዬ የልጄ እኩያ ነው፣ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቱን ቤቱ ላይ ያሳርፋል። አባቴ፣ ይሄ ቤት እዚህ ነበር? በዓይንዎ አይተዋል? ድንቅቱ ታየኛለች፣ ነበር ልል ነው፣

ቤቱ አልነበረም፣ ገብሱ ግን፣

ይጽፋል። ቆይ ልጄ፣ አልጨረስኩም፣ ቤቱን ሠዓሊዋ ናት ያሻገረችው፣ እርሻው ግን የነሱ ነው፣ ሲያርሱ አይቻለሁ፣ ሲያጭዱ አይቻለሁ፣ እሱንም ጻፈው። አባቴ፣ የጠየቅኩዎት ስለ ቤቱ ነው፣ ሥዕሉ ውሸት ከሆነ ገብሱን በምን ልመነው፣ ቀጣይ!

ለምን ከገብሱ አልጀመርኩም፣ ምን ነበረበት ከገብሱ ብጀምር፣ ሰባ ዓመት ሙሉ አፍ ይዤ።

ድንቅቱ በረንዳው ላይ ቆማለች። ትጮህብኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ እጠብቃለሁ፣ አትጮህም፣ ኦቦ ገርባ ትላለች፣ ዝግ ብላ፣ ዱጋ? እውነት ነው? አዎ እላታለሁ፣ ከወንዙ ወዲህ ነበር።

እኔ እኮ ልጆቼን ማዶ ወስጄ፣ የተወለድኩት እዚህ ጋ ነው እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው፣ ትላለች።