ለረጃጅሞች የተሰቀለ መስታወት

የባሌ ቤት ሰዎች ቁመት ለጉድ ነው። ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መሪው ጋ የሚቀመጠው እንደ ጃንጥላ ተጣጥፎ ነው። ጋራዥ የሚሠራው ልጁ በር ባየ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ሴቷ ልጁም ገና ተማሪ ሆና አባቷን ልትደርስበት ምንም አልቀራት። እኔ ልብስ ሰፊዋ ግን ደረታቸው ላይ የቀረሁ ነኝ። የሠርጋችንን ፎቶ ያየ ሁሉ "ምነው አንቺ ብቻ ተቀመጥሽ?" ይለኛል። ቆሜ ነው።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰፊ መስታወት በአግድም ተሰቅሏል። የሰቀለችው የልጆቹ እናት ናት፤ ነፍሷን ይማርና እሷም ረጅም ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሦስቱም ፊቱ ይደረደራሉ። አባትየው ጢሙን ይላጫል፣ ልጁ ጸጉሩን ያበጥራል፣ ልጅቷ በሁለቱ መሃል አንገቷን ታሰግጋለች። ሲገፋፉ፣ ሲሰዳደቡና ሲስቁ ማድ ቤት ድረስ ይሰማኛል።

መስታወት ብርቄ ሆኖ አይደለም። ሱቄ ውስጥ ከእግር እስከ ራስ የሚያሳይ አለኝ፤ ደንበኞቼ አዲስ ልብስ ለብሰው ፊቱ ሲቆሙ ሆዳቸውን ሳብ፣ ትከሻቸውን ቀና ያደርጋሉ። የቤት መስታወት ግን ሌላ ነው። ሰው ዓይኑን እያሸ፣ አፉ አረፋ እንደሞላ ራሱን ያይና "እሺ፣ ዛሬም አለሁ" ብሎ ይሄዳል። ይሄን የመሰለ ነፃ ደስታ ከየት ይገኛል?

አንድ ቀን እስቲ እኔም ብዬ ከጎናቸው ቆምኩ። ያየሁት የሻሼን ጫፍ ብቻ ነው። ሦስቱም ወዲያው ግፊያቸውን ትተው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው "ይለፉ፣ ይለፉ" አሉኝ። ለማለፍ የመጣሁ መስሏቸው! ምን ልበል? አለፍኩ።

በዚያ ቤት የከበደኝ ይሄ ነው፤ ክብር በዛብኝ። ስገባ ይነሱልኛል፣ ስናገር ያዳምጡኛል፣ የሚቆጣኝም የሚገፋኝም የለም። ከገባሁ ዓመት አልፎኝም እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ መሄዱ አይቀርም። እኔ መሄድ አልፈልግም፤ እዚያ ግፊያ ውስጥ መግባት ነው የምፈልገው።

ባሌ አንድ ጠዋት በድስት ክዳን እያየሁ ሻሽ ሳስር ደረሰብኝ። ማታ ዙሪያው አበባ የተሣለበት ትንሽ መስታወት ይዞልኝ መጣ።

"ያንቺ ብቻ ነው፤ መኝታ ቤት አስቀምጪው" አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩት። ለብቻዬ የማይበትን ግን ማን ጠየቀው? መስታወቱን በሻሽ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ስከተው ልጅቷ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

እሁድ ከሰዓት ወንዶቹ ኳስ ሊያዩ ወጡ። ልጅቷ የወንድሟን ፒንሳ ይዛ ሱቄ መጣች።

"የአባዬ መስታወት አልተስማማዎትም?"

"ኧረ ያምራል።"

"ማማሩንማ አየሁት። ታዲያ ለምን ደበቁት?"

መዋሸት አቃተኝ። "ከናንተ ጋር መታየት አምሮኝ ነው" አልኳት። እንደ ልጅ አፈርኩ።

እሷም ሜትሬን ከአንገቴ ላይ ሳብ አድርጋ አገጬ ከወለል ምን ያህል እንደሚርቅ ለካች። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ቤት፣ ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝ።

"ተይው ልጄ፣ የእናትሽ እጅ ያረፈበት ነው" አልኳት፣ ምስማሩን ስትነቀንቀው።

"እናቴ እርስዎን አታውቅም ነበር" አለች፣ ሳትዞር። "ብታውቅ ኖሮ ዝቅ አድርጋ ትሰቅለው ነበር።"

አንጀቴን በላችው። መስታወቱን ከሥር ደግፌ ያዝኩላት፤ ለሁለት ቀስ እያልን አወረድነውና በለካችው ልክ ዝቅ አድርገን ሰቀልነው።

በማግስቱ ጠዋት ኮሪደሩ ጉድ አየ። ባሌ ምላጩን ይዞ መጣና በመስታወቱ ውስጥ የሸሚዙን ቁልፍ ብቻ አየ። ጎንበስ አለ፣ ወገቡ እምቢ አለው። ጉልበቱን አጠፈ፣ ልጁ ላይ ተደገፈና ሁለቱም ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉ። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። ባሌ ለአፍታ ምስማሩ የነበረበትን ቀዳዳ አየት አደረገ፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣና አግዳሚ ወንበሩን እየጎተተ መጣ።

ሦስቱ ተቀመጡ፣ እኔ ጫፉ ላይ ቆምኩ። እኩል ሆንን! አራት ፊት በአንድ መስታወት ውስጥ ተደረደረ፤ አንዱ ነጭ አረፋ የተቀባ፣ አንዱ ማበጠሪያ ጸጉሩ ላይ የተሰካበት፣ አንዷ የምታዛጋ፣ አንዷ ጥርሷ ሁሉ የሚታይ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሻሼን አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ እንደገና አሰርኩ። ሳይታወቀኝ ቀስ በቀስ ወደ መሃል ገባሁ።

"ኧረ ከፊቴ ዞር በይልኝ!" ብላ ጮኸች ልጅቷ። "ይሄ ቤት ያንቺ ብቻ ነው እንዴ?"

የባሌ ምላጭ ጉንጩ ላይ ቆመ። ልጅቷ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

"የኔም ነው!" አልኳትና በክርኔ ገፋ አደረግኳት። መልሳ ገፋችኝ።